እድራችንን "ምን አገባው" ላሉት ጸሐፊ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት በአንባብያን ገጻችሁ ላይ ስለ ሰፈራችን የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው "የእድር ሥራ ሬሳ መቅበር ነው፤ በቤት ልማት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?" ይላሉ። እድሩ ልማት አደናቅፏል፣ ኮሚቴውም የሚያስቸግረው ከአልሚው የሆነ ነገር ፈልጎ ነው ብለዋል።

የዚያ እድር ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። 19 ዓመት ሙሉ መዝገቡ በእኔ እጅ ነው። ዳኛችን "ተዪው፣ መልስ አያስፈልገውም" ብለውኝ ነበር። አልቻልኩም።

መጀመሪያ ቦታውን ልንገራችሁ። ሰፈራችን ከቀበና ወንዝ ገባሮች በአንዱ ዳር ነው። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፋችሁ፣ በድንጋይ ደረጃው ቁልቁል ስትመጡ ታገኙታላችሁ። አብዛኛው ቤት የቀበሌ ነው። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ የሆኑ አሉ። ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን እየተቀጠሉ የተሠሩም አሉ። ካርታ ያላቸው ጥቂት ናቸው። በእያንዳንዱ ግቢ ውስጥ ደግሞ ደባል አለ፣ ተከራይ አለ፣ ከተከራይ የተከራየም አለ።

ወንዙን ላወድስላችሁ አይደለም የምጽፈው። በበጋ ሽታው መስኮት አያስከፍትም። የላይኛው ሰፈር ፍሳሽ ሁሉ የሚለቀቀው ወደ እሱ ነው። በክረምት ደግሞ እንጦጦ ላይ ከዘነበ በቃ፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ነሐሴ 2013 ጎርፍ በከተማችን የ7 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈ ጊዜ እኛም ሌሊቱን ፍራሽ ተሸክመን ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው ያደርነው። እድር ቤታችን ውኃ ገባው። ብረት ድስቶቹ ተንሳፍፈው በሩን ሲመቱት ድምፁ እስከ ላይ ይሰማ ነበር። ውኃው የደረሰበት መስመር ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። እኔ ቆሜ ከጉልበቴ በላይ ነው።

ስለዚህ ልማት አንፈልግም ያለ አንድም ሰው በሰፈራችን የለም። በየካቲት 2011 ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ቡና አፍልተን ነው ዜናውን የሰማነው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር ሊለማ ነው፣ 29 ቢሊዮን ብር ይፈጃል ተባለ። በግንቦት ወር አንዱ ሰው ለአንድ ማዕድ 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ገበታ ለሸገር ላይ ሲቀመጥ በቴሌቪዥን እያየን አመሰገንን። ወንዛችንም ሰው ሊሆን ነው አልን። የወዳጅነት ፓርክ ሲከፈት ልጆቻችንን ይዘን ሄደን አይተናል። የሚያኮራ ሥራ ነው።

እኛ ጋ የመጣው ግን ፓርክ አይደለም።

በመጀመሪያው ስብሰባ የተነገረን "ወንዝ ዳር መኖር ለሕይወታችሁ ያሰጋል፣ ቦታው የወንዝ መጠበቂያ ነው፣ መነሳት አለባችሁ" የሚል ነው። እውነት ነው ብለን ተስማማን። እኔ ራሴ እጄን አውጥቻለሁ። ወር ሳይሞላ ባነር ተሰቀለ። ባነሩ ላይ ያለው 12 ፎቅ አፓርታማ ነው። ሁለት ብሎክ፣ በረንዳው ሁሉ ወደ ወንዙ የዞረ። ወንዙ ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከበውት ቆመው "ይሄ የት ያለ ወንዝ ነው?" ይሉ ነበር።

እኛም ጠየቅን። ለእኛ አስጊ የነበረ ቦታ ለአፓርታማው እንዴት ደህና ሆነ? መሐንዲሱ ድጋፍ ግንብ ይሠራል ብሎ መለሰልን። ጥሩ። ዕቃ ቤት ጠባቂያችን ግን ከወንዙ ዳር 50 ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። "ግንቡ በእኛ በኩል ውኃውን ካጠበበው ማዶ ያሉትን አይበላቸውም ወይ? ከታች ድልድዩ ሥር ያሉትስ?" አሉ። መሐንዲሱን ይዘውት ሄደው በእድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን መስመር አሳዩት። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ይህ ጥያቄ የቴክኒክ ጥያቄ ነው ሊባል ይችላል። ጠያቂው ግን እዚያ ውኃ ሲመጣ ያየ ሰው ነው፣ መልስ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እድሩ ለምን ገባበት?

ሰው ተቆጠረና ዝርዝሩ ተለጠፈ። እኔና አንድ ሕግ የሚማር የአባላችን ልጅ ያንን ዝርዝር ገልብጠን ከእድሩ መዝገብ ጋር አስተያየነው። አምስት ማታ ፈጀብን። እሱ ስም ይጠራል፣ እኔ በቀይ እስክሪፕቶ ምልክት አደርጋለሁ። በተለጠፈው ዝርዝር ላይ 112 አባወራ አለ። በእኛ መዝገብ ላይ ከዚያው ግቢና ከዚያው መንደር 161 አለ። 49ኙ የት ሄዱ? የትም አልሄዱም። እዚያው ናቸው። ማታ መብራታቸው ይታያል።

ከእነሱ አንዷን ልንገራችሁ። ስሟን አልጽፍም። በመዝገቡ ገጽ 87 ላይ ናት። በአንድ የቀበሌ ቤት ጓሮ፣ ድሮ ወጥ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። አልጋውና ምጣዱ የሚለያዩት በመጋረጃ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ እንጀራ ትጋግራለች። ሲነጋ በላስቲክ ጠቅልላ አስፋልት ዳር ላሉት ሱቆች በእግሯ ታደርሳለች። 14 ዓመት መዋጮ ከፍላለች። በስሟ አንድም ቅጣት የለም። ልጇ የታመመ ወር እንኳን ዘግይታ አታውቅም፣ ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ታመጣልኛለች። የራሷ የቤት ቁጥር ስለሌላት ግን ዝርዝሩ ላይ የለችም። ቁጥሩ የአከራይዋ ነው። ምትክ ቤት ለአከራይዋ ይሰጣል። እሷ "የለችም"።

እድሩ እሷን የሚያውቃት የሚቀብራት እሱ ስለሆነ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የማን እናት ከገጠር መጥታ እዚያው እንደቀረች፣ ማን ልጅ እንዳሳደገ፣ ይህንን ሁሉ ካልጻፍን በለቅሶ ቀን እንሳሳታለን። ስለዚህ እንጽፋለን። ጡሩምባ ነፊያችን በጨለማ እየዞረ የሚጠራው በቤት ቁጥር አይደለም፣ በሰው ስም ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዘን 49 አባወራ እንደሌለ ሲቆጠር ዝም ማለት ነበረብን?

ጸሐፊው እድር ከቀብር አልፎ አያውቅም ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል። ወጣት ከሆኑ አልፈርድባቸውም። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈራችንን ሲያራቁት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ድንኳን የተከልንበት ወቅት ነበር። እናትና አባት ተከታትለው ሄደው ልጆች ብቻቸውን ቀሩ። ያኔ እድሩ ከሣጥኑ አውጥቶ ደብተርና ዩኒፎርም ገዛ። የታመመ ሰው ቤት ተራ አውጥተን ገንፎ ይዘን ገባን። በአዲስ አበባ ይህንን ያደረገው የእኛ እድር ብቻ አይደለም፣ ብዙ እድሮች አድርገውታል። ያኔ "ምን አገባችሁ" ያለን አልነበረም። እንዲያውም መንግሥትም ድርጅቶችም በእድር በኩል ነው ቤት ለቤት የገቡት።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበል። በአንድ ስብሰባ ላይ "እናንተ የተመዘገበ ሲቪል ማኅበር አይደላችሁም፣ ሐሳብ የማቅረብ ሥልጣን የላችሁም" የሚል ነገር ተሰማ። ያ የሕግ ተማሪ ተነሣ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ እድርንና እቁብን እንደማይመለከት ተናገረ። "ከዚያ አዋጅ ውጭ መሆን ማለት አፍ የለህም ማለት አይደለም" አለ። ቀጥሎ ሕገ መንግሥቱን ገልጦ አንቀጽ 43ን አነበበ። ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። "ዜጎች ነው የሚለው፣ የቤት ቁጥር ያላቸው ዜጎች አይልም" ብሎ ተቀመጠ። ያን ልጅ በጨቅላነቱ አዝዬው አውቃለሁ። እንባዬ መጣ።

አሁን "ጥቅም" ወደተባለው ልምጣ። እውነቱ ይህ ነው።

በኅዳር ወር ከአልሚው በኩል ሁለት ሰዎች እድር ቤት መጡ። ትሑት ልጆች ናቸው፣ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ለእድሩ አዲስ ድንኳንና 200 የፕላስቲክ ወንበር በስጦታ ልንሰጥ እንፈልጋለን አሉ። የጠየቁት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እድሩ "የአካባቢው ኅብረተሰብ በፕሮጀክቱ ላይ ተወያይቶ ተስማምቷል" በሚል ደብዳቤ ላይ ማኅተሙን እንዲያሳርፍላቸው።

የእኛን ድንኳን ብታዩት ያሳዝናችኋል። ሸራው በሦስት ቦታ ተጥፏል። አንዱ ማዕዘን የተጣፈው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ዝናብ ሲመጣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠጋል። አንደኛው ብረት ተጣሞ በገመድ ታስሮ ነው የሚቆመው። አዲስ ለመግዛት ከወር መዋጮ እየቆጠብን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አልዋሽም፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬም አስቤአለሁ።

ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ክርክሩ ረዘመ። አንዱ ተቀበሉ ይላል፣ አንዱ ማኅተማችን አይሸጥም ይላል። በሰፈሩ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከኋላ አግዳሚው ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። በስብሰባ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እጃቸውን አወጡ።

"ልጆቼ፣ ድንኳኑስ ጥሩ ነው። ግን ሁላችን ከተበተንን በኋላ ማን ደጅ ነው የምትተክሉት?"

ቤቱ ጭጭ አለ። ድምፅ ሲሰጥ እኔም አልቀበልም ካሉት ጋር እጄን አወጣሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል፣ ቀኑም ፊርማውም አለ። አልሚው የሰጠን አንድ ወንበር የለም።

እሳቸው የተናገሩት ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አይተነዋል። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ከዚህ ቀደም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። እልል ብለን ነው የሸኘናት። ውኃ በቧንቧ፣ ሽንት ቤት ከውስጥ፣ ልጆቿ የየራሳቸው ክፍል አገኙ። ከዓመት በኋላ ባሏ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አረፈ። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ጎረቤቶቿ ክፉዎች አልነበሩም፣ ግን ሁሉም በዕጣ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፣ ገና አልተዋወቁም፣ እድርም አላቋቋሙም። ስልክ የደወለችው ለእኛ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሲነጋ ያንን የተጣፈ ድንኳን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን በአይሱዙ ጭነን በጎሮ በኩል ሄድን። ከብሎኩ ሥር መኪና ማቆሚያው ላይ ተከልን። ከደረጃው ወርዳ ስታየን አልጮኸችም። "መጣችሁልኝ" ነው ያለችው። አንድ ቃል። እስከ ዛሬ መዋጮዋን ለመክፈል በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች።

161ዱም በየአቅጣጫው ሲበተን ግን አይሱዙ የሚጭን አይኖርም።

በእድሩ ውስጥ ሁሉም በአንድ ልብ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ካርታ ያላቸው አባሎቻችን ተቀይመውናል። ካሳቸውን ተቀብለው መሄድ ይፈልጋሉ። በእናንተ ምክንያት ጉዳያችን ተጓተተ ይላሉ። አንዳንዶቹ ለሦስት ወር መዋጮ አቁመዋል። ቅሬታቸው እውነት አለው። ዋጋ በየወሩ እየናረ ነው፣ ዛሬ የተገመተ ካሳ ነገ ምን እንደሚገዛ አይታወቅም። እኔ የእነሱ እንዲዘገይ አልፈልግም። የእነሱ ክፍያ ይቀጥል፣ የ49ኙ ጉዳይ ጎን ለጎን ይታይ ብለን በደብዳቤም ጠይቀናል። ጸሐፊው ከእነዚህ ወንድሞቻችን አንዱ ከሆኑ ይህንን ደብዳቤ ዳኛችን ጋ ሄደው ማንበብ ይችላሉ።

ደብዳቤው የሚለው ብዙ አይደለም። ያልተቆጠሩት ይቆጠሩ፣ ሲቆጠሩም የእድሩ መዝገብ ማስረጃ ሆኖ ይታይ ይላል። የምንነሳው በዕጣ ተበትነን ሳይሆን በአንድ ሳይት፣ ከተቻለም በተቀራረቡ ብሎኮች ይሁን ይላል። በኮንዶሚኒየም ሳይቶች ለድግስና ለለቅሶ ተብለው የተሠሩ የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃዎች አሉ። ከእነሱ በአንዱ ውስጥ ለእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ ይፈቀድልን ይላል። ድንኳኑን፣ 11 ብረት ድስትና 4 በርሜል ፎቅ ላይ የሚያወጣው የለም። ስለ ድጋፍ ግንቡም ማዶ ያሉት ሰዎች ተጠርተው ይሰሙ ይላል። በቃ ይኸው ነው። አፓርታማው አይሠራ የሚል መስመር የለበትም።

የደረስንበትንም ልንገራችሁ። ደብዳቤያችን ከገባ በኋላ ለስብሰባ ተጠርተን ነበር። ያነጋገሩን ኃላፊ በትዕግሥት ሰምተውናል፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ዳግም ቆጠራ ይደረጋል ተብሏል። ቀኑ ግን አልተቆረጠም። በየግድግዳው ላይ ቀይ ቀለሙ እንደተቀባ ነው። የገጽ 87ቷ ሴት ግድግዳ ላይ ምንም የለም። ባለፈው ሐሙስ መዋጮዋን ይዛ ስትመጣ "ቀለም ያልተቀባው የእኔ ቤት ስለማይፈርስ ነው ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ከአከራይዋ ቤት ጋር አብሮ የተያያዘ ግድግዳ ነው። ደረሰኝዋን ቆረጥኩላትና ቁጭ በይ ቡና ጠጪ አልኳት።

ክቡር አዘጋጅ፣ እኔ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። እድሩ ከአልሚው ጥቅም ፈልጓል የሚለው እንዲታረም። ሌላው፣ ጋዜጠኛ ልካችሁ ወርዶ እንዲያይ። የምንሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ጽሑፉን የጻፉት ሰውም ቢመጡ ደስ ይለናል። እድር ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ቁልቁል፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው። መዝገቡን ይዤ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድሩ ገንዘብ ያዥ
ከቀበና፣ አዲስ አበባ